ጎርፍ ጠላፊውና የአምስት ደቂቃው ሰንጠረዥ

በራያ ቆላ፥ በተለይም በቆቦና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፥ የሚያርስ ሰው ከሰማይ በሚወርድለት ዝናም ብቻ አይተማመንም። በስተ ምዕራብ ከፍ ብለው በሚታዩት ተራሮች ላይ በዘነመ ጊዜ፥ ጎርፉ ሆርማትን የመሰሉትን ወንዞች ሞልቶ እየተንደረደረ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ያ ውሃ ብዙ አይቆይም፤ ጥቂት ሰዓት ጮኾ ያልፋል። የቆቦ ገበሬ ግን ከአባቶቹ በተማረው ጥበብ ይህንኑ የሚያልፍ ውሃ ከመንገዱ ጠልፎ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ ማሳ ያስገባዋል።

የአገሩን ልማድ የማያውቅ መንገደኛ በዚያች ሰዓት ቢደርስና ሰዎቹ አካፋቸውን ይዘው ሲራወጡ ቢመለከት፥ «እነዚህ ሰዎች ምንኛ ፈጣኖች ናቸው!» ብሎ ሳያደንቅ አይቀርም። ነገር ግን የፍጥነታቸው ምሥጢር በዚያች ሰዓት የተገኘ አይደለም። ቦዩ የተጠረገው፥ አፈሩ የተከመረው፥ ውሃው ከማን ማሳ ወደ ማን ማሳ እንደሚያልፍ የተደለደለው ጎርፉ ከመምጣቱ አስቀድሞ፥ ሰማዩ ገና ጠርቶ ሳለ ነው። በበጋ ያልተሰናዳ ሰው በጎርፍ ቀን ቢሮጥ ሩጫው ድካም ብቻ ይሆንበታል።

ይህን ያነሣነው ስለ እርሻ ለመጻፍ አይደለም። ዛሬ ለቤተ ሰቦች ልናስታውስ ያሰብነው አንድ ጨዋታ ነው፤ እርሱም ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፥ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቷቸው የሚጫወቱት ፈጣን የቼስ ጨዋታ ነው። በዓለም ላይ «ብሊትዝ» እየተባለ ይጠራል፤ ትርጓሜው በጀርመንኛ መብረቅ ማለት ነው። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ እንዳልሆነ፥ በእርሱም የሚፈተነው የእጅ ቅልጥፍና ሳይሆን አስቀድሞ በዝግታ የተሰናዳ አእምሮና ጠባይ እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የጥንቱ ሰንጠረዥ

«ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጥር በረድፍና በዐምድ የሚደረደርበትን መስመራም ገጽ በዚህ ስም እንጠራዋለንና። የቃሉ ትውልድ ግን ከጨዋታው ነው። በሕንድ አገር በሳንስክሪት ቋንቋ «ቻቱራንጋ»፥ ማለት አራት ክፍል ያለው ሠራዊት፥ ተብሎ የተሰየመው ጨዋታ ወደ ፋርስ ሲሻገር «ቻትራንግ»፥ በዐረቦች ዘንድ «ሻትራንጅ» ተባለ፤ ወደ እኛም ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ሆነ። ስለዚህ ልጆቻችን በሒሳብ ደብተራቸው ላይ ሰንጠረዥ በሠሩ ቁጥር፥ ሳያውቁት የአያቶቻቸውን የጨዋታ ገበታ ስም ይጠራሉ ማለት ነው።

ያ ገበታ እንደ ዛሬው በጥቁርና በነጭ ቤት የተዥጎረጎረ አልነበረም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበት ስምንት በስምንት የተከፈለ፥ በጠቅላላው 64 ቤት ያለው ነበር። በእርሱ ላይ የሚሰለፉት ንጉሡ፥ ከአጠገቡ የሚቆመው ፈርዝ፥ ዝሆኖቹ፥ ፈረሶቹ፥ ደር የሚባሉት የዳር ዘቦችና መደቅ የሚባሉት እግረኞች ናቸው። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነበር፤ ዝሆኑም በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘል ነበር። በአውሮፓ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሕጉ ሲለወጥ፥ የፈርዝ ቦታ ለንግሥት ተሰጠና ንግሥቲቱ ከሁሉ የበረታች ሆነች። ዝሆኑም ረዥም መንገድ ተፈቀደለት፤ እንግሊዞች ይህን ዝሆን «ጳጳስ» ብለው ይጠሩታል። አንባቢዎቻችን በዚህ እንዳይደናገሩ እኛ ዝሆን በማለት እንቀጥላለን።

ከጥንቱ ሰንጠረዥ ሕግጋት መካከል ብዙ ጸሐፊዎችን ያስደነቀው አንድ ነው። በሌላው አገር ቼስ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በእኛ ሰንጠረዥ ግን በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ እንደ ቻሉትና እንደ ፈጠኑ፥ እየደጋገሙ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል፤ ያነሣውንም መልሶ ያስተካክላል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። አንዱ የሌላውን ወታደር ወይም ፈረስ የገደለ እንደ ሆነ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያች ጊዜ ጀምሮ ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው ተራ በተራ፥ በጥሞና ይጫወታሉ።

ይህ ሥርዓት ሊስተዋል ይገባዋል። አባቶቻችን ፍጥነትን ከጨዋታቸው አላስወጡትም፤ ነገር ግን ወሰን አበጁለት። ደም እስኪፈስ ድረስ ይፈጠናል፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ይታሰባል። ሌላም ጨዋነት ነበራቸው። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረውን ንጉሥ አሳድዶ መያዝ እንደ ድል አይቈጠርም ነበር። በኃይለኞቹ በደርና በፈረስ ንጉሥን መያዝ ሻካራ አጨዋወት ሲባል፥ በዝሆን ወይም በትንሹ በመደቅ የያዘ ግን ይመሰገን ነበር። እንግዲህ ክብሩ በማሸነፍ ብቻ ሳይሆን በምን አኳኋን ባሸነፈውም ይለካ ነበር ማለት ነው።

ራስ ወልደ ሥላሴና ባለሟሎቻቸው

ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ የታወቀ ጨዋታ እንደ ነበረ ብዙ ምስክር አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በኋላ ዘመንም ከየጁና ከሰሜን መሳፍንት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ግእዝ የተማሩ፥ በገና የሚደረድሩና ሰንጠረዥ የሚችሉ ወይዘሮ እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል። የየጁ ከተማ ወልድያ ከቆቦ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ስለ ሆነች፥ የራያ ሰዎች ይህን ጨዋታ የሩቅ አገር ነገር ሊያደርጉት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነውን ሥዕል የተወልን ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ነው። እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ከራያ በስተ ሰሜን ባለችው በእንደርታዋ ከተማ በአንጣሎ፥ በዚያን ጊዜ የትግራይ ገዥ ወደ ነበሩት ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደርሶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ራስ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ ያየውን ሁሉ በማስታወሻው አሰፈረ። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ ተጫዋቹ የባላንጣውን ሲገድል በኀይል መትቶ ከቦታው ያሽቀነጥረዋል። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበር፤ በዙሪያው የቆመ ሁሉ፥ አሽከሩም ሳይቀር፥ ምክር ይሰጣል፤ «እዚህ ይሻላል» እያለም መጫወቻውን በእጁ ያነሣል። ሶልት ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ጨምሯል፤ ይኸውም ባለሟሎቹ በብልሃት እያመቻቹ ራስ ሁልጊዜ አሸናፊ እንዲሆኑ ያደርጉ እንደ ነበር ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ታስቃለች፤ ነገር ግን ታሳዝናለችም። ራስ ወልደ ሥላሴ በእውነት ብልህ ተጫዋች ነበሩ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ባለሟሎቻቸው እውነቱን የሚያውቁበትን መንገድ ዘጉባቸው። ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ የሚደረግ ሰው ምን ያህል እንደሚችል አያውቅም። ሆን ብሎ የሚሸነፍም ሰው ችሎታውን ደብቆ ማደርን ይለምዳል። ይህ በሹማምንት አዳራሽ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስለን፤ በየቤታችንም ይደረጋል። ልጅ አባቱን እንዳያሳፍር እያወቀ ይሸነፋል፤ ወይም ደግሞ አባት ልጁን ለማስደሰት ብሎ ሆን ብሎ ይሸነፍለታል። ሁለቱም ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ሁለቱም ግን ልጁን ያታልሉታል።

ሰንጠረዥ ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት እየጠፋ ሄደ። ታሪኩንና ሕጉን በ1971 አሰባስበው በጽሑፍ ያቆዩልን የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ዛሬ ወጣቶቻችን የሚጫወቱት በዓለም ላይ አንድ የሆነውን ቼስ ነው፤ የኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽንም በ1924 በፓሪስ የተቋቋመው የዓለም ማኅበር አባል ነው።

ሰዓት ፊት አይቶ አያደላም

በቀድሞ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን ጊዜ የሚወስን መሣሪያ አልነበረም። በ1851 በለንደን ከተማ የመጀመሪያው ታላቅ የመንግሥታት ውድድር በተደረገ ጊዜ፥ አንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ወታደር ለማንሣት እጅግ ብዙ ጊዜ እያሰበ ባላንጣውን ያሰለቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የአሸዋ ሰዓት ተሞከረ፤ በ1883ም እንዲሁ በለንደን ሁለት ፊት ያለው የቼስ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ላይ ዋለ። የሥራው ነገር ቀላል ነው። አንዱ ተጫውቶ ቍልፉን ሲጫን የራሱ ሰዓት ይቆማል፤ የባላንጣው ሰዓት ይሄዳል። ጊዜው ያለቀበት ይሸነፋል።

በዛሬው ሕግ ለአንድ ተጫዋች ለጠቅላላው ጨዋታ የሚሰጠው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጨዋታው ብሊትዝ ይባላል። ሕጉም ጥብቅ ነው። የነኩትን መጫወቻ ማንሣት ግዴታ ነው፤ መጫወቻውን ባነሡበት እጅ ሰዓቱን መጫን ያስፈልጋል፤ በሁለት እጅ መሥራት ክልክል ነው። የቆመ ተመልካች እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ ባለሟሎች ምክር ቢሰጥ ከአዳራሹ ይወጣል። ጊዜው ያለቀበትም ሰው፥ ባላንጣው የቀረው ንጉሡ ብቻ እንደ ሆነ አይሸነፍም፤ እኩል ይባላሉ፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ በማንም ላይ ድል ሊያገኝ አይችልምና።

ሰዓት ትልቅነትን አያውቅም፤ ባለሥልጣኑም፥ መምህሩም፥ ተማሪውም፥ እናትም ልጅም በፊቱ አምስት ደቂቃ ብቻ አላቸው። ባለሟሎቹ ለራስ ያደረጉትን ውለታ ለማንም አያደርግም።

የሁለት አማተሮች ጨዋታ

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በቆቦ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የዕረፍት ቀን ውድድር ተደርጎ፥ ሁለት አማተሮች ተገናኙ እንበል። አንደኛው ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ የመጋዘን ጸሐፊ ናቸው፤ ሁለተኛው የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተማሪው ነጩን ያዘ።

ተማሪው ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ፤ ጸሐፊውም እንዲሁ አደረጉ። ተማሪው ፈረሱን አውጥቶ የገፉትን ወታደር አስፈራራ፤ እርሳቸው በሌላ ወታደር ደገፉት። ተማሪው ዝሆኑን ወደ መካከል አወጣ፤ ዝሆኑም ከንጉሣቸው አጠገብ ያለውን ደካማ ወታደር በሩቅ ተመለከተው። ጸሐፊው ደግሞ ዝሆናቸውን አውጥተው የተማሪውን ፈረስ ቸነከሩት፤ ፈረሱ ከቦታው ቢነሣ ከበስተ ኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች። ተማሪው ሁለተኛውን ፈረስ አወጣ። ጸሐፊውም ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ብዙ ሳያስቡ የዳር ወገኑን አንድ ወታደር አንድ ቤት ገፉ። እስከዚህ ድረስ ያለፈው ሰላሳ ሰኮንድ እንኳ አይሆንም።

በዚህ ጊዜ ተማሪው የተቸነከረውን ፈረስ አንሥቶ በመካከል ያለውን ወታደር ገደለ። ንግሥቲቱ ያለ ጠባቂ ቀረች! ጸሐፊው ይህን ሲያዩ እጃቸው ከአእምሯቸው ቀደመ፤ ንግሥቲቱን በዝሆናቸው ገደሉና ሰዓቱን ተጫኑ። ተማሪው በዝሆኑ ያንን ደካማ ወታደር ገድሎ «ቼክ!» አለ፤ ንጉሥዎ ተነክቷል ማለቱ ነው። ንጉሡ የሚሸሽበት አንድ ቤት ብቻ ነበረውና ወደዚያ ሸሸ። ተማሪውም ሁለተኛውን ፈረስ ወደ መካከል አስገባና ነገሩ አበቃ፤ ንጉሡ በሁለት ፈረሶችና በአንድ ዝሆን ተከቦ መውጫ አጣ። በሰባት ጊዜ መጫወት፥ አንዲት ንግሥት ሰጥቶ፥ ጨዋታውን ወሰደ።

ይህ ወጥመድ አዲስ አይደለም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ በኖረው፥ የታላቁ ተጫዋች የፊሊዶር መምህር በነበረው በለጋል ስም የሚጠራ ነው። ተማሪው በዚያች ቅጽበት የፈጠረው ነገር የለም፤ አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብሎ በዝግታ አጥንቶት ነበር። ቦዩ ጎርፉ ሳይመጣ ተጠርጎ ነበርና ውሃው በመጣ ጊዜ ወደ ማሳው ገባለት።

ጸሐፊውስ የተሸነፉት በምንድን ነው? ብዙ ሰው በሰዓቱ ጥበት ነው ይላል። ነገር ግን ገና አራት ደቂቃ ተኩል ነበራቸው። ዐሥር ሰኮንድ ያህል ቆም ብለው «ይህ ልጅ ንግሥቱን ለምን ተወልኝ?» ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ ኖሮ፥ ንግሥቲቱን ትተው በወታደራቸው ፈረሱን በገደሉ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪው በንግሥቱ ዝሆናቸውን ይገድላል፤ ሒሳቡ ተደምሮ የሚጎድላቸው አንድ ወታደር ብቻ ይሆናል፤ ጨዋታውም ይቀጥል ነበር። ያሸነፋቸው እንግዲህ ሰዓቱ አይደለም፤ ሳይታሰብ የመጣ ትልቅ ጥቅም ነው። በገበያም ቢሆን ሻጩ በሬውን ከዋጋው በታች ለመስጠት ሲጣደፍ፥ አስተዋይ ገዢ ጥርሱንና እግሩን ደግሞ ይመረምራል እንጂ ገንዘቡን አይቈጥርም።

ሁለተኛው ጨዋታ

ቀለም ለውጠው እንደገና ተቀመጡ። በዚህኛው ጊዜ ጸሐፊው ተጠንቅቀው ተጫወቱ፤ ጨዋታውም እስከ መጨረሻው ደቂቃ ደረሰ። ብዙ ተገዳድለው በጸሐፊው በኩል ንጉሥና ግንብ፥ በተማሪው በኩል ንጉሥና አንድ ወታደር ቀሩ። ይህ ወታደር ግን የመጨረሻውን ረድፍ ሊረግጥ አንዲት ቤት ብቻ ቀርታው ነበር፤ ከረገጠ ንግሥት ይሆናል። በጸሐፊው ሰዓት ላይ ዐሥራ ሁለት፥ በተማሪው ሰዓት ላይ ሃያ ሰኮንድ ቀርቷል።

ጸሐፊው ግንባቸውን አንቀሳቅሰው ንጉሡን ነኩ፤ በጥድፊያ ግን «ቼክ» አላሉም፤ ማለትም ግዴታ አይደለም። ተማሪው ዐይኑ ከወታደሩ ላይ አልተነሣም ነበርና ወታደሩን ገፍቶ ንግሥት አደረገ፤ ሰዓቱንም ተጫነ። ይህ ሕግ የሚከለክለው ነው፤ የተነካ ንጉሥ ሳይድን ሌላ ነገር ማንሣት አይቻልም። ሆኖም ዳኛው በሌላ ገበታ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጸሐፊውም አዲሲቱን ንግሥት ሲያዩ ደንግጠው የሠሩትን ረሱት፤ ሊሸነፉም እጃቸውን ሊዘረጉ ቃጣቸው።

የሕጉ ነገር እንዲህ ነው። ዳኛው ካላየ፥ ባላንጣውም የሚቀጥለውን ሳይጫወት ካላመለከተ፥ የተሳሳተው አጨዋወት እንደ ጸና ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተጫዋቾች ራሳቸው ካልተስማሙ በቀር ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት እውነቱን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ተማሪው ብቻ ነበር፤ ቍልፉን ከተጫነ በኋላ ገበታውን ሲመለከት ስሕተቱን አየው።

«ጋሼ፥ ይቆዩ» አለ። «ንጉሤ ተነክቶ ሳለ ወታደር አነሣሁ። አጨዋወቴ ልክ አይደለም።»

«እኔ እኮ አላየሁትም ነበር፥ ልጄ» አሉት።

«እኔ አየሁት» አለ፤ ዳኛውንም ጠራ።

ዳኛው ሕጉን ፈጸመ። ወታደሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ለጸሐፊውም በብሊትዝ ሕግ መሠረት አንድ ደቂቃ ተጨመረላቸው፤ ተማሪው ንጉሡን አሸሸ። ጸሐፊውም በተጨመረላቸው ጊዜ አስበው ግንባቸውን በወታደሩ መንገድ ላይ አቆሙት። ተማሪው ወታደሩን ለማሳለፍ ሲታገል ሃያዋ ሰኮንድ አለቀች፤ በሰዓት ተሸነፈ። ውጤቱ አንድ ለአንድ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት «ይህ ልጅ ሞኝ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሌላ ነገር እንጠይቃለን። ሃያ ሰኮንድ በቀረችበት ጊዜ፥ ልቡ እየመታ፥ ያ ልጅ ስለ እውነትና ስለ ሐሰት ለማመዛዘን ጊዜ ነበረውን? አልነበረውም። በዚያች ሰዓት የወጣው ቃል አስቀድሞ በቤቱ የተሰናዳው ነው። የሱቅ መልስ ሲበዛለት መልሶ መስጠትን፥ ብርጭቆ ሲሰብር እኔ ነኝ ማለትን በለመደበት ቤት የተጠረገ ቦይ ነው። እንደ ለጋል ወጥመድ ሁሉ፥ እውነተኛነትም በጥድፊያ ሰዓት አይፈጠርም፤ ያለው ብቻ ይወጣል። ስለዚህ የፈጣኑ ጨዋታ ጥቅም ልጁን ፈጣን ማድረጉ አይደለም፤ በዝግታ ያስተማርነውን ነገር ቶሎ ገልጦ ማሳየቱ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ይህን ጨዋታ በቤት ለማስገባት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ገበታው በካርቶን ወይም እንደ አያቶቻችን በጨርቅ ላይ ይሰመራል፤ 64 ቤት ብቻ ነው። መጫወቻው ከእንጨት ቢቀረጽ ወይም ከጭቃ ቢሠራ መልካም ነው፤ ካልሆነም ልጆች ዳማ የሚጫወቱበትን ቆርኪ ሰብስቦ፥ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፎ «ን» ለንጉሥ፥ «ፈ» ለፈረስ እያሉ መጻፍ ይበቃል። ሰዓቱንም በተመለከተ፥ በዛሬው የእጅ ስልክ ላይ ለሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚቈጥር የቼስ ሰዓት በነጻ ይገኛል።

አጀማመሩ ግን በዝግታ ይሁን። ጀማሪ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአምስት ደቂቃ ቢጫወት ስሕተቱን ይለማመዳል እንጂ አይታረምም። አስቀድሞ ያለ ሰዓት፥ ቀጥሎ በግማሽ ሰዓት ይጫወት፤ ከእያንዳንዱም ጨዋታ በኋላ «የት ላይ ነው የተበላሸው?» ብሎ ከባላንጣው ጋር ገበታውን መልሶ ይመልከት። ወደ አምስቱ ደቂቃ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘብ አይያዝበት፤ የጥናትም ሰዓት አይሻማ። ሴቶች ልጆችም ከዚህ ገበታ አይራቁ፤ የእቴጌ ጣይቱን ነገር ከላይ አንሥተናል።

ለወላጆች በተለይ የምንለው አንድ ነው። ከልጃችሁ ጋር ስትጫወቱ እውነተኛ ጨዋታ ተጫወቱ። ልጁ ገና ደካማ ከሆነ ሆን ብላችሁ አትሸነፉለት፤ ይልቁንም ንግሥታችሁን ከመጀመሪያው አንሥታችሁ ወይም ለራሳችሁ አንድ ደቂቃ፥ ለእርሱ አምስት ደቂቃ ሰጥታችሁ ግልጽ በሆነ መንገድ አመዛዝኑት። በዚህ አኳኋን ቢያሸንፍ ድሉ የራሱ ነው። አድጎ በትክክል ባሸነፋችሁ ቀንም አትቈጡ፤ «ዛሬ ደክሞኝ ነው» የሚለውን ቃል አታውጡ። አባት ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሸነፍ ልጅ አተኩሮ ያያል፤ እርሱም ከቤት ውጭ የሚሸነፈው ያንኑ አይቶ ነው።

ሽማግሌዎችም በአጠገባችሁ ካሉ «ወረራ» የሚባለውን ያውቁ እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ምናልባት ከአያቶቻቸው የሰሙት ይኖራል፤ ባይኖርም ሕጉን እናንተ ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ያለ ተራ ሠራዊታቸውን ሲያሰልፉ፥ የመጀመሪያው ወታደር ሲገደል ደግሞ ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው ጸጥ ሲሉ ማየት ለአያትም ለልጅም ደስ የሚያሰኝ ነው።

ጨዋታው ሲያልቅም ሁለት ልማድ ይጠበቅ። የተሸነፈው ወገን አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ ይጨብጥ፤ ያሸነፈው ደግሞ መጫወቻዎቹን በየቦታቸው መልሶ ያሰልፍ። ከዚያ በኋላ ቀለም ለውጣችሁ እንደገና ጀምሩ።